ጣናን ከወደብ ወደብ፦ የሦስት ቀን የጀልባ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ጣና ላይ በጀልባ የሄደ ሰው ስለ ጉዞው ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያነሣው ገዳማቱን ነው፤ የግድግዳውን ሥዕል፣ ብራናውን፣ የዘጌን ቡና። ደግ ነው። ነገር ግን ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌና ደቅ እያደረ እስከ ጎርጎራ ሐይቁን መሻገር የፈለገ ሰው ከሥዕሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ እሱም ሰዓት ነው። ጣና የጠዋት ሐይቅ ነው። የዛሬው ትምህርታችን በሙሉ ከዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር የሚመዘዝ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ። እስክሪብቶና አንድ ሉክ ወረቀት አቅርቡ፤ ሒሳብ አለን።

ከሒሳቡ በፊት ግን ሳይጠየቅ የማይታለፍ ጥያቄ አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የሐይቁ ዳርቻ የጸጥታ ሁኔታ ከቦታ ቦታ፣ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት በየማረፊያው ያለውን ሁኔታ ጠይቁ፤ ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ቀንም ድገሙት። የምትጠይቁት ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ አይሁን። የሚያውቁት በየዕለቱ ከዚያ ወደብ የሚመላለሱት ጀልባ ነጂዎች ናቸው። መልሱ «እንጃ» ከሆነ ጉዞው ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

አሁን ጠዋት ለምን እንደሆነ እንመልከት። ፀሐይ ስትወጣ የብሱ ከውኃው ቶሎ ይሞቃል። የሞቀው አየር ከየብሱ ላይ ወደ ላይ ሲነሣ ቦታውን ለመሙላት ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። ይህ እንቅስቃሴ ረፋዱ ላይ ይጀምርና ከቀትር በኋላ ይበረታል። ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የብሱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ፣ ለዘብ ብሎ፣ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል፣ ጎሕ ከቀደደበት እስከ ረፋዱ፣ ውኃው ብዙውን ጊዜ ይረጋል። የእኛ ጊዜ ይኼ ነው።

ነፋስ ማዕበልን የሚያሳድገው በሦስት ነገር ነው፦ በኃይሉ፣ በሚነፍስበት ጊዜ ርዝመት፣ ሳይጋረድም በሚሮጥበት የውኃ ርቀት። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 84 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ በሰፊው ቦታ 66 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ለነፋስ ሰፊ ሜዳ ነው ማለት ነው። ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው «ጥልቅ ካልሆነ ምን ያስፈራል?» ይላል። መልሱ እንዲህ ነው። የውቅያኖስ ማዕበል ከፍ ቢልም በአንዱና በሚከተለው መካከል ሰፊ ርቀት ስላለ ጀልባ ይወጣል፣ ይወርዳል። የሐይቅ ማዕበል ግን አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የጀልባው አፍንጫ ከመጀመሪያው ሳይወርድ ሁለተኛው ይደርስበታል፣ ውኃም ወደ ውስጥ ይረጫል። ወደ ዳር ሲጠጋ ደግሞ ታቹ ስለሚያጥር ይበልጥ ቀጥ ይልና ይሰበራል። ስለዚህ በነፋስ ሰዓት ከሐይቁ መሐል ይልቅ ወደ ወደብ የመግቢያው ጊዜ የሚከፋበት ቀን አለ። ዳር ደረስን ብሎ ላይፍ ጃኬት የሚያወልቅ ሰው ይህን አላስተዋለም።

እንግዲህ ደንባችንን ወረቀቱ ራስ ላይ ጻፉ፦ ማንኛውም ጉዞ እስከ ጠዋቱ 5 ሰዓት ተጠናቆ ጀልባው መታሰር አለበት። ቀትር 6 ሰዓት ነው፤ የቀረችው አንዲት ሰዓት መጠባበቂያ ናት፣ አትነካም።

ቀጥሎ ካርታውን ሣሉ። ውብ መሆን የለበትም። ከታች፣ በደቡብ ጫፍ፣ ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ ባሕር ዳርን ነጥብ አድርጉ። ከእሷ በስተሰሜን ምዕራብ የዘጌ ባሕረ ገብ ምድር ወደ ውኃው ይገባል፤ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት መውረጃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዘጌ ወደ ሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ዳጋ እስጢፋኖስ ትገኛለች፤ ሾጣጣ፣ በዛፍ የተሸፈነች ደሴት ናት። ከእሷ አጠገብ ከጣና 37 ደሴቶች ትልቁ፣ ደቅ፣ አለ። የናርጋ ሥላሴ መውረጃ በደቅ ምዕራባዊ ዳር ስለሆነ ከዳጋ ዞሮ ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ያዙ። ከናርጋ በቀጥታ ወደ ሰሜን 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ጎርጎራ ትደርሳላችሁ። ከጎርጎራ እስከ ባሕር ዳር በቀጥታ መስመር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

አሁን በምዕራቡ ዳር ሁለት ነጥብ ጨምሩ፦ ከደቅ ትይዩ ቁንዝላን፣ ከእሷ ወደ ሰሜን ደልጊን። እነዚህን ለመጎብኘት አይደለም የጻፍናቸው። ነፋስ ከመንገድ ቢያስወጣችሁ የምትጠጉባቸው ናቸው። ወደብ ለወደብ የሚጓዝ ሰው ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት ወደብ ይጽፋል፤ የሚሄድበትንና ካልተሳካ የሚገባበትን። ምሥራቁን ዳር ለመጠጊያ ባላስበው እመርጣለሁ። ርብና ጉማራ ከፎገራ ደለል ይዘው የሚገቡት በዚያ በኩል ስለሆነ ውኃው ከዳር ርቆም ጥልቀት የለውም፤ ጭቃው የሞተሩን ፕሮፔለር ይይዛል።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለጎብኚ የሚከራዩት ብዙዎቹ ሞተር ጀልባዎች ሰው ጭነው በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። የእናንተ ጀልባ የተለየ ከሆነ ቁጥሩን ለውጡ፤ ስልቱ አይለወጥም። የሦስተኛውን ቀን ጉዞ፣ ከናርጋ ጎርጎራ ያለውን፣ እንውሰድ፤ ረጅሙና ምንም መጋረጃ የሌለው እሱ ነው። 35 ለ12 ሲካፈል 3 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። አታስቀምጡ። ነፋስ ከፊት ቢመጣ ጀልባው ፍጥነቱን በሢሶ ይቀንሳል ብለን እንያዝ፤ 12 የነበረው 8 ይሆናል። 35 ለ8 ሲካፈል 4 ሰዓት ከ22 ደቂቃ። ጉዞ የሚታቀደው በዚህኛው ቁጥር እንጂ በመጀመሪያው አይደለም። ከ5 ሰዓት ላይ 4 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ስትቀንሱ ንጋት 12 ሰዓት ከ38 ይመጣል። ስለዚህ በ12 ሰዓት ተኩል ገመድ ይፈታል። ዕቃ መጫንና ቁርስ ከዚያ በፊት ያልቃል፤ ጸሎት ያለው ሰው ከዚያ በፊት ይነሣ። «አንድ ሰዓት ላይ ብንነሣስ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ነፋስ ከመጣ 5 ሰዓት ከ22 ትደርሳላችሁ፤ መጠባበቂያችሁን ገና ከቤት ሳትወጡ በልታችሁታል ማለት ነው።

በዚሁ ጉዞ ላይ የመመለሻ ነጥብ ይወሰናል። ግማሹ 17 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ከዚያ በፊት ማዕበል ከተነሣ ወደ ደቅ መመለስ ይቀርባል፤ ደሴቱም ትልቅ ስለሆነ ነፋሱ ከሰሜን ከመጣ በደቡቡ ዳር፣ ከምዕራብ ከመጣ በምሥራቁ ዳር ተጠግቶ መቆየት ይቻላል። ከግማሹ ካለፋችሁ ጎርጎራ ይቀርባል፤ ወደፊት ነው። ይህ ውሳኔ መሬት ላይ፣ ከጀልባ ነጂው ጋር፣ ከመነሣታችሁ በፊት ይደረግ። ውኃ ላይ የሚደረግ ክርክር ሁሌም የሚጠናቀቀው በጣም ደፋር የሆነው ሰው በሚፈልገው መንገድ ነው። የት እንደደረሳችሁ ለማወቅ የስልካችሁን ካርታ አስቀድማችሁ አውርዱ። የስልኩ ጂፒኤስ ከሳተላይት ስለሚቀበል ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል፤ ኔትወርክ የሚያስፈልገው ካርታውን ለማውረድ ነው።

ነዳጅ ቀጣዩ ሒሳብ ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። መንገዱን ደምሩ፦ 12 ሲደመር 20 ሲደመር 10 ሲደመር 35፣ 77 ይሆናል። መመለሻውን 70 ስንጨምር 147፤ 150 እንበለው። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ 12 ሰዓት ተኩል የሞተር ሥራ ነው። ሞተራችሁ በሰዓት 8 ሊትር ቤንዚን የሚጠጣ ከሆነ 100 ሊትር ይፈጃል። የባሕር ሰዎች የቆየ ደንብ አላቸው፦ ሢሶው ለመሄጃ፣ ሢሶው ለመመለሻ፣ ሢሶው ለክፉ ቀን። 100 ሊትሩ የሁለቱ ሢሶ ድርሻ ስለሆነ የሚጫነው 150 ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስምንት ይሆናል። ዘጌና ደቅ ላይ ቤንዚን አገኛለሁ ብላችሁ አትቁጠሩ። ጀሪካኑም እስከ አፉ አይሞላ፤ ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል።

አሁን ማንም የማያስበውን ላሳያችሁ። አንድ ሊትር ቤንዚን ከ700 ግራም ጥቂት ይበልጣል። 150 ሊትሩ እንግዲህ ወደ 110 ኪሎ ነው። ያ ማለት ሁለት ቀጭን ሰዎች ጀልባው ላይ ተጨምረዋል፤ ድንኳንና ውኃ ሳይቆጠር። ጀልባው አሥር ሰው ይይዛል ከተባለ፣ ለዚህ ጉዞ ስምንት ሰው ነው የሚይዘው። ሁለት ጓደኞቻችሁን አስቀሩ፤ ወይም ሁለት ጀልባ ተከራዩ። ሁለት ጀልባ በእኔ ፍርድ ምንጊዜም ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይጎትታል።

የኪራዩ ነገር እዚህ ላይ ይነሣ። ጎርጎራ ወርዳችሁ በመኪና ወደ ጎንደር ለመሄድ ብታስቡም ጀልባው ባዶውን ተመልሶ ባሕር ዳር መግባት አለበት፤ የመመለሻውን ነዳጅና የነጂውን ቀን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ይህን አስቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁ ጎርጎራ ላይ ጭቅጭቅ ይነሣል፤ ነጂውም እውነት አለው።

ቀኖቹ እንግዲህ እንዲህ ይወርዳሉ። በመጀመሪያው ቀን በ12 ሰዓት ተኩል ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ በአንድ ሰዓት ተኩል ዘጌ ናችሁ። ከዐባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ ስላለ በቀስታ ሂዱ። የቀረው ቀን የእግር ነው፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በመካከላቸው የቡናው ጫካ። ዘጌ ሰው በማረሻ የማያርስበት፣ በቡናና በጌሾ የሚኖርበት አገር ስለሆነ ጫካው እስከ ዛሬ ቆሟል። አንድ ቀን አይበዛበትም።

በሁለተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ተነሥታችሁ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሄዳችሁ ዳጋ እስጢፋኖስ ትደርሳላችሁ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ከ10 ይሆናል። ዳጋ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል አጽም የሚገኝበት ገዳም ነው። ሴቶች ግን አይገቡም፤ ባሕር ዳር አጠገብ ያለው ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ ነው። እኅቶች ካሏችሁ ይህን ከቤት ሳትወጡ ንገሯቸው። ደሴቱ ሥር ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው ወንዶቹን እንዲጠብቁ የሚነገራቸው እዚያው ሲደርሱ ከሆነ ጉዞው ያኔ ተበላሽቷል። ሌላው መንገድ ወንዶቹ ብቻ ወርደው ሁለተኛው ጀልባ ሴቶቹን በቀጥታ ወደ ናርጋ ሥላሴ ማድረሱ ነው። ናርጋ፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት፣ ለሁሉም ክፍት ናት። በዳጋ አንድ ሰዓት ተኩል ብትቆዩ 3 ሰዓት ከ40 ትነሣላችሁ፤ ናርጋ 4 ሰዓት ተኩል። ከደንባችን ውስጥ ናችሁ። ለማደር ግን ፈቃድ ከገዳሙ አባቶች አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ድንኳን ተክሎ ኋላ መጠየቅ ነውር ነው። የጾም ቀን ከሆነም ስንቃችሁ የጾም ይሁን።

ሦስተኛውን ቀን አስልተነዋል። ጎርጎራ ስትቃረቡ እምቦጭን ተጠንቀቁ። ይህ አረም ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን በርትቶ የሚታየው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው። ነፋስ እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ ስለሚያንቀሳቅሰው ትናንት ክፍት የነበረ መግቢያ ዛሬ ተዘግቶ ይገኛል። አረሙ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ድምፁን ይለውጣል፤ ያኔ ሞተሩን ማጥፋት፣ ከውኃ ማንሣት፣ በቢላዋ መቁረጥ ነው። ሞተር ሳይጠፋ እጁን የሚልክ ሰው ጣት አይተርፈውም። ጎርጎራ ስትደርሱ የዐፄ ሱስንዮስን ዘመን ታሪክና የደብረ ሲና ማርያምን ሥዕል ለማየት ከሰዓት በኋላው በሙሉ የእናንተ ነው። የመመለሻው 70 ኪሎ ሜትር በአንድ ጠዋት አያልቅም፤ ለ12 ሲካፈል ወደ 6 ሰዓት ይጠጋል። ስለዚህ ጀልባው ደቅ አድሮ ይመለስ፤ እናንተም አብራችሁ ከተመለሳችሁ አራተኛና አምስተኛ ቀን ያዙ።

ይህ ሁሉ የከበደው ሰው በጣናነሽ ይሂድ። የድሮዋ ጣናነሽ በሳምንት አንዴ ከባሕር ዳር ተነሥታ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላን እየነካች፣ ቁንዝላ አድራ፣ በማግሥቱ ጎርጎራ የምትገባ መርከብ ነበረች። ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና የመጣችው ጣናነሽ ሁለትም አለች። የጉዞ ቀናቸውን ወደቡ ላይ ጠይቁ። ትልቅ መርከብ ትንሹ ጀልባ የሚፈራውን ማዕበል አይፈራም።

ወቅቱን በአጭሩ፦ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ጥሩ ነው። በክረምት የከሰዓቱ ነጎድጓድ ስለሚያይል ይቅር። በግንቦትና በሰኔ ደግሞ ውኃው ዝቅ ስለሚል በመውረጃዎቹ አጠገብ ድንጋይ ይወጣል፤ የሐይቁን ከፍታ የሚወስነው ዝናቡ ብቻ ሳይሆን እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ፣ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ለጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሚሄደው ውኃ ጭምር ነው።

ስለ ጤና ሁለት ነገር ብቻ። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። ስለዚህ ከጀልባ ስትወርዱ እግራችሁን ውኃ ውስጥ አትንከሩ፣ ዳር ላይ አትዋኙ፣ የመጠጥ ውኃችሁን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ሁለተኛው፣ ሐይቁ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው፤ ንጋት ላይ ጋቢ የሚያስለብስ ብርድ፣ ረፋድ ላይ ፊት የሚልጥ ፀሐይ አለ። ባርኔጣ፣ ለትንኝም አጎበር አይረሱ።

ጀልባውን ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ቀን፣ በብርሃን፣ እዩት። ሞተሩ ተነሥቶ አሥር ደቂቃ ይሥራ። ትርፍ ካንዴላ አለ? መቅዘፊያ አለ? ሞተር ሲጠፋ የሚያድነው እሱ ነው። ረጅም ገመድ፣ መልሕቅ፣ ውኃ መቅጃ ጣሳ፣ የእጅ ባትሪ። ባትሪው ሌሊት ለመሄድ አይደለም፤ ሌሊት አይኬድም። የደንገል ታንኳ መብራት የለውም፣ ከውኃውም ብዙ ከፍ አይልም፤ ማታ የተጣለ መረብም አይታይም። ሌሊት መሄድ ዓሣ አጥማጅ ላይ መውጣት ማለት ነው።

በመጨረሻ ያንን ወረቀት ሁለት አድርጉት። አንዱ ከእናንተ ጋር ይሄዳል። ሌላው ባሕር ዳር ለሚቀር ለምታምኑት ሰው ይሰጣል፤ የተሳፋሪው ስም፣ የጀልባው ቀለምና የነጂው ስልክ፣ የየቀኑ መነሻና መድረሻ፣ መጠጊያው፣ የምትደውሉበት ሰዓትም ይጻፍበት። እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ካልደወላችሁ ያ ሰው ወደብ ላይ ሄዶ እንዲናገር ተስማሙ። ስትደርሱ መደወልን አትርሱ፤ ዘንግታችሁ ሰው ለፍለጋ ብታስወጡ ቀጥሎ የሚያምናችሁ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ከመሳፈራችሁ በፊት ላይፍ ጃኬቱን በእጃችሁ ቁጠሩ፤ ለነጂው ጭምር ይቆጠር፣ ማሰሪያውም ይፈተሽ። በአንድ ከጎደለ ቀብድ ከፍላችሁም ቢሆን አትሳፈሩ፤ ሌላ ጀልባ ጠይቁ።